ያውቁ ኖሯል? ከዛፍ ሥር የተገኘው ልጅ የአክሱም ጳጳስ ሲሆን

የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ስም ያልሰማ የኢትዮጵያ ክርስቲያን የለም። ታሪካቸውን ግን አብዛኞቻችን በሁለት ዓረፍተ ነገር እንጨርሰዋለን፤ ከባሕር ማዶ መጡ፣ አገሩን አጠመቁ። የቀረው እንዲህ ተዘልሎ የሚታለፍ አይደለም። ከስንክሳሩ ሌላ አብሯቸው የተማረከ ሰው ቃል፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት ደብዳቤ፣ የወርቅ ገንዘብና የድንጋይ ጽሕፈት ስለ እሳቸውና ስለ ዘመናቸው ይመሰክራሉ። አንድን አገር አስተምረው ካሳመኑ የጥንት አባቶች መካከል ይህን ያህል ማስረጃ የተረፈላቸው ብዙ አይደሉም። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ኋላ አባ ሰላማ የተባለው ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም የመጣው ለስብከት አልነበረም። በልጅነቱ ለትምህርት ከአገሩ ወጥቶ ነው እዚህ የቀረው። የትውልድ ከተማው ጢሮስ ዛሬ በሊባኖስ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር አይቶ ለመመለስ ሲነሣ ሁለት ዘመዶቹን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ በመንገድ እያስተማረ ሊወስዳቸው አስከተላቸው። የእኛ ትውፊት ኤዴስዮስን ሲድራኮስ እያለ ይጠራዋል።

ያውቁ ኖሯል? ልጆቹን ከሞት ያተረፋቸው ጥናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመልስ ጉዟቸው መርከቧ ውሃና ስንቅ ለመያዝ ወደብ ዳር ቆመች። የባሕሩ ዳርቻ ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር በመርከቧ ላይ ያገኙትን ሁሉ ገደሉ፤ ሜሮጵዮስም አብሮ ሞተ። ሁለቱ ልጆች ግን ከመርከቧ ወርደው ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን እያጠኑ ነበር። ያገኟቸው ሰዎች አዘኑላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ እውነትነቷ የሚሰማኝ ይህች የዛፍ ሥር ነገር ናት። ገድል የሚያሳምር ሰው መልአክ ያመጣ ነበር፤ ማዕበል ያስነሣ ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር የነገውን ትምህርት የሚያዘጋጁ ሁለት ልጆችን የሚያስታውስ ግን እዚያው የነበረ ሰው ነው።

የነበረውም ሰው ይታወቃል። ታሪኩን በጽሑፍ ያቆየው ሩፊኖስ የተባለ የላቲን ጸሐፊ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉን ያዘጋጀው ወደ 402 ገደማ ነበር። ይህን የሰማሁት ከሰው ወሬ ሳይሆን በኋላ በጢሮስ ቅስና ከተቀበለው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው ሲል ለይቶ ይናገራል። ከሩፊኖስ በኋላ የጻፉት ሶቅራጥስ፣ ሶዞሜንና ቴዎዶሬጦስም ታሪኩን የወሰዱት ከእሱ ነው። ምንጩ አንድ ቢሆንም የዓይን ምስክር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ምርኮኞቹ ልጆች በቤተ መንግሥት ያገኙት ሹመት ቀላል አልነበረም። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። የፍሬምናጦስን ብልህነት ያየው ንጉሥ ደግሞ ሒሳቡንና መዝገቡን በእጁ አደረገለት፤ በኋላ ዘመን አጠራር በጅሮንድም ጸሐፌ ትእዛዝም ሆነ ማለት ነው። ንጉሡ ሲሞት ሁለቱንም ነፃ ለቀቃቸው። ወደ አገራቸው ሊነሡ ሲሉ ግን ንግሥቲቱ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ቀርታ ነበርና ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን አብረዋት እንዲጠብቁ ለመነቻቸው። እነሱም ቀሩ። ነፃ ከወጡ በኋላ በፈቃዳቸው መቅረታቸውን አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የተሠራው በዚያ ፈቃድ ላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአክሱም መንግሥት ለክርስቲያኖች የጸሎት ቤት ያመቻቸው ፍሬምናጦስ ያኔ ካህን አልነበረም። መንግሥቱ በእጁ በነበረበት ጊዜ ከሮም ግዛት ለንግድ ከሚመጡት ሰዎች መካከል ክርስቲያኖቹን ፈልጎ አገኘ። እንደ ሥርዓታቸው ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ ሥልጣን ሰጣቸው፤ ለሕንፃው መሬቱንና የሚያስፈልገውንም አቀረበላቸው። እምነቱ በመጀመሪያ የታየው በገበያና በወደብ ሰዎች መካከል ነበር ማለት ነው። የአክሱም ነጋዴዎች በአዱሊስ በኩል ከግብፅና ከሶርያ ጋር ዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዕጣን ይለዋወጡ ስለነበር መንገዱ ቀድሞም የተጠረገ ነበር።

ልጁ አድጎ መንግሥቱን ሲረከብ ሁለቱ የያዙትን አስረከቡና ተሰናበቱ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም አልሆነም። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ። ፍሬምናጦስ ግን የቤቱን መንገድ ትቶ ወደ እስክንድርያ ወረደ።

ያውቁ ኖሯል? እስክንድርያ ሲደርስ ለራሱ ሹመት አልጠየቀም። በቅርቡ መንበሩን ለተረከቡት ለቅዱስ አትናቴዎስ በአክሱም ብዙ ክርስቲያኖች ተሰብስበዋል፣ የጸሎት ቤቶችም ተሠርተዋልና የሚገባ ሰው መርጠው ጳጳስ ይላኩላቸው ብሎ ነው ያመለከተው። አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስበው ነገሩን መከሩበት፤ ከዚያም ፈርዖን ስለ ዮሴፍ የተናገረውን በሚያስታውስ ቃል ከአንተ የሚሻል ከወዴት ይገኛል የሚል መልስ ሰጡት። ንግግሩ ያለ ቦታው አልገባም። በባዕድ አገር ተማርኮ የቤተ መንግሥት መዝገብ የተረከበ ልጅ ታሪክ ኦሪት ዘፍጥረትን ላነበበ ሁሉ አዲስ አይደለም። ፍሬምናጦስም እዚያው ተቀቡና ጳጳስ ሆነው ወደ አክሱም ተመለሱ።

ይህ ውሳኔ ለእኔ ከተአምር አያንስም። አትናቴዎስ የእስክንድርያን ትምህርት ቤቶች ሊቃውንት ትተው የአገሩን ቋንቋና ጠባይ የሚያውቅ፣ ከቤተ መንግሥት እስከ ወደብ የታመነ፣ በሕዝቡ መካከል ያደገ ሰው ላኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ምዕተ ዓመታት ከግብፅ የሚላኩልን አብዛኞቹ ጳጳሳት አገሩንም ቋንቋውንም መማር የሚጀምሩት ከተሾሙ በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ምርጫ በዚህ ረገድ ከኋለኞቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ጊዜውስ መቼ ነበር? አትናቴዎስ መንበሩን የያዙት በ328 ነው። ሩፊኖስ “በቅርቡ የተሾሙ” ስለሚል ብዙዎች የአባ ሰላማን ሹመት 330 አካባቢ ያደርጉታል። አትናቴዎስ ከስደት የተመለሱበትን 346 የሚመርጡም አሉ።

ያውቁ ኖሯል? የሮም ንጉሠ ነገሥት አባ ሰላማ ከአክሱም እንዲላኩለት ጠይቆ ነበር። የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጣንዮስ የአርዮስን ወገኖች ይደግፍ ነበር። በ356 ወታደሮቹ አትናቴዎስ በሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ሌሊት ገቡ፤ እሳቸውም አምልጠው በበረሃ መነኮሳት ዘንድ ተሸሸጉ። በመንበራቸው የቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ ተተካ። በዚሁ ጊዜ ቆስጣንዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና እንደ ወንድሞቹ አክብሮ ደብዳቤ ጻፈ። ጳጳሱ ፍሬምናጦስ በፍጥነት ወደ ግብፅ ይላክ፤ በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እምነቱ ይመርመር፤ የሾመው አትናቴዎስ በብዙ በደል የተከሰሰ ነውና ሕዝባችሁን እንዳያበላሽ የሚል ነው ሐሳቡ። በልመና ቃል የተጠቀለለ ማስፈራሪያ ነበር።

ደብዳቤው ለእኛ የደረሰበት መንገድ ደግሞ ያስደንቃል። ያቆየው የሮም ቤተ መንግሥት መዝገብ አይደለም። ራሳቸው አትናቴዎስ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፉት የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ ገልብጠውታል። ሊያጠፋቸው የተጻፈው ወረቀት ስለ አባ ሰላማ ካሉን ማስረጃዎች ሁሉ የጠነከረው ሆኖ ቀረ። ሩፊኖስ አገሩን በዘመኑ ልማድ “ህንድ” ብሎ ስለሚጠራ የቱን አገር ማለቱ ነው የሚል ሙግት ሊነሣ ይችል ነበር። የቆስጣንዮስ ደብዳቤ ግን አክሱምን በስሟ ይጠራል፤ ጳጳሱንም፣ የሾማቸውንም ይጠቅሳል። አንዱ ከወዳጅ አፍ፣ ሌላው ከባላንጣ ብዕር ወጥተው አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ለታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል?

ጊዮርጊስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ361 መጨረሻ፣ በእስክንድርያ ሕዝብ ሁከት ተገደለ። አትናቴዎስ ግን አምስት ጊዜ ተሰደው አምስት ጊዜ ተመልሰው በ373 በመንበራቸው ዐረፉ። ከ14ቱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴያት አንዱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ያውቁ ኖሯል? የአክሱምን ወደ ክርስትና መለወጥ በእጅ ይዞ ማየት ይቻላል። አክሱም በዚያ ዘመን በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሷን ገንዘብ ከሚያትሙት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረች። የኢዛና የወርቅ ገንዘብ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነው። መካከሉ ላይ የንጉሡ ምስል አለ፤ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ጎንበስ ብሎ ከቦታል። በቀደሙት ኅትመቶች ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ይታያል፤ የጥንቱ እምነት ምልክት ነው። በኋለኞቹ ላይ ጨረቃው ጠፍቶ መስቀል ገብቷል። የቀረው አሠራር ብዙም አልተነካም፤ የእህሉ ዛላ እንኳ በቦታው ነው። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙ መንግሥታት አክሱም ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ትሰለፋለች። ገንዘብ ከቤተ መንግሥት እስከ ገበያና ወደብ፣ ባሕር ተሻግሮም ስለሚሄድ ይህ አዋጅ ማንበብ ለማያውቀውም ሁሉ የደረሰ አዋጅ ነበር።

ድንጋዮቹም እንዲሁ ይናገራሉ። ኢዛና በቀድሞው ጽሕፈታቸው ራሳቸውን የማኅረም ልጅ ይላሉ፤ ማኅረም የአክሱም ነገሥታት የጦር አምላክ ነው። በዚሁ የቤጃ ዘመቻ ጽሕፈት ላይ ሳይዛና የተባለው ወንድማቸው በስም ተጠቅሷል፤ የቆስጣንዮስ ደብዳቤ የጠራው ሁለተኛ ሰው እሱ ነው። ወደ ኖባና ካሱ ስለዘመቱበት በሚናገረው ኋለኛ የግዕዝ ጽሕፈት ግን ማኅረም የለም፤ ድሉ የሰማይ ጌታ ሥራ ሆኖ ተጽፏል። በ1969 አክሱም ላይ የተገኘ የጽርእ ጽሕፈት ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ አምኖ ንጉሡን የክርስቶስ አገልጋይ ያደርጋቸዋል። ለአገሬው በግዕዝ ጥንቃቄ፣ ለውጭው ዓለም በጽርእ ግልጽነት። ይህን ልዩነት ሳይ ከአማካሪዎቹ መካከል ቤተ መንግሥቱንም ሕዝቡንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ይሰማኛል። አስገድዶ ማጥመቅ ሳይሆን ቀስ እያሉ ማስተማር ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በቤተ ክርስቲያን ትውፊት አባ ሰላማን የተቀበሉት ነገሥታት ኢዛናና ሳይዛና አይባሉም። አብርሃና አጽብሓ ይባላሉ፤ መታሰቢያቸውም ጥቅምት 4 ነው። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለው ዝነኛ ውቅር ቤተ ክርስቲያን በስማቸው ይጠራል። ብዙዎች ሁለቱን ጥንድ ስሞች የአንድ ወንድማማች ስሞች አድርገው ይቀበላሉ። ከታሪክ ምሁራን መካከል ግን ስሞቹ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአፄ ካሌብ ዘመን ሰዎች ጋር ተደባልቀዋል የሚሉ አሉ፤ የካሌብ የንግሥና ስም እለ አጽብሓ፣ በየመን የነገሠውም ሰው አብርሃ ነበርና።

ትውፊቱ ሌላም የሚያምር ነገር አቆይቷል። ልጁ ፍሬምናጦስ በአክሱም ያደገው በካህናቱ አለቃ በእንበረም ቤት ነው ይላል። በዚያም ሕዝቡ ሐዋርያ ሳይላክለት በእግዚአብሔር ማመኑን አይቶ ተደነቀ። ጳጳስ ሆኖ ሲመለስ ያሳደገውን እንበረምን አጠመቀው፤ ሕዝበ ቀድስ ብሎ ሰይሞም ክህነት ሰጠው። ሩፊኖስ ይህን አያውቅም። በእኛ ዘንድ ግን እንግዳና ባለቤት እርስ በርስ የተማማሩበት ታሪክ ሆኖ ይነገራል፤ ስለ አባ ሰላማ ከሚተረከው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ፊደላችንም ከዘመናቸው ጋር የተያያዘ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በኢዛና ጽሕፈቶች መካከል፣ ግዕዝ ከግእዝ እስከ ሳብዕ የምንቆጥራቸውን የአናባቢ ምልክቶች ይዞ ብቅ ይላል። ቀደም ያለው ጽሕፈት ያለ አናባቢ፣ ኋለኛው ከነአናባቢው ነው። ትውፊት ይህንን ሥራ ለአባ ሰላማ ይሰጣል። ማን እንደሠራው ድንጋዩ ባይናገርም ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግዕዝ ሊመለሱ ሲሉ ፊደሉ ለዚያ ተዘጋጅቶ መገኘቱ የታየ ነገር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ተርጓሚው አባ ሰላማ ሌላ ሰው ናቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ የመጡት ዳግማዊ አባ ሰላማ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ብዙ መጻሕፍት በማስተርጎማቸው መተርጕም ተብለዋል። ከሣቴ ብርሃን ከሳቸው በአንድ ሺህ ዓመት ይቀድማሉ። ሦስተኛም አሉ፤ በ1841 መጥተው በ1855 ዳግማዊ ቴዎድሮስን በደረስጌ ማርያም የቀቡት አቡነ ሰላማ። እሳቸው ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በ1867 መቅደላ ላይ በእስር ዐረፉ። በንግግርም በጽሑፍም ሦስቱ ሲቀላቀሉ ያጋጥማል፤ ለሦስቱም አይገባም። ተስዓቱ ቅዱሳንም ቢሆኑ የመጡት ከአባ ሰላማ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው።

ኢየሱሳውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አድዋ አጠገብ ማይ ጓጓ የሰፈሩበትን ቦታ በፍሬምናጦስ ስም ፍሬሞና አሉት። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 30 ቀን ታስባቸዋለች። ካቶሊኮችም ቅዱስ ይሏቸዋል። በእኛ ስንክሳር መታሰቢያቸው ሐምሌ 26 ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከየሐ ከተማ አቅራቢያ ቤተ ሰማዕቲ በተባለ ስፍራ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በ2011 እና በ2016 መካከል ባደረጉት ቁፋሮ ከአራተኛው ክፍለ ዘመን የሚመደብ የባዚሊካ ቅርጽ ያለው ቤተ ክርስቲያን አገኙ፤ ውጤቱን በ2019 አሳተሙ። ከተገኙት ዕቃዎች መካከል መስቀልና የግዕዝ ጽሕፈት የተቀረጸበት ትንሽ ጥቁር የአንገት ድንጋይ አለ። ከገንዘቡና ከነገሥታቱ ጽሕፈት ሌላ እምነቱ በተራው ሰው አንገት ላይ ሳይወርድ እንዳልቀረ የሚያሳይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ የራሷን ጳጳስ እንዳትሾም የከለከለው ቀኖና በኒቅያ ጉባኤ ስም ይጠራ ነበር። በዓረብኛ የተጻፈው የኒቅያ ቀኖና ስብስብ 42ኛው አንቀጽ ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ይዞታል። የኒቅያ ጉባኤ ግን በ325 ሲደረግ ፍሬምናጦስ ገና ጳጳስ አልነበረም፤ ሊከለከል የሚችል የአክሱም መንበርም አልተቋቋመም። ቀኖናው ከጉባኤው ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የአንድን ሕዝብ መንበር ለምዕተ ዓመታት መያዙ ያሳዝናል። ክብሩን ለአትናቴዎስና ለአባ ሰላማ የሚሰጥ ሰው በሁለቱ መካከል የነበረውን መተማመን እንዲህ ባለ ክልከላ ሊለውጠው አይገባም ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ከአባ ሰላማ እስከ አቡነ ቄርሎስ ድረስ 111 ጳጳሳትን ይዘረዝራል። አቡነ ቄርሎስ በ1950 ዐረፉ። በጥር 1951፣ በእኛ አቆጣጠር በ1943፣ አቡነ ባስልዮስ ካይሮ ላይ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተቀቡ፤ ከአገሩ ልጆች በዚያ መንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ናቸው። በሰኔ 1959 ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። የቀቧቸው በአትናቴዎስ መንበር የተቀመጡት የእስክንድርያው ፓፓ ቄርሎስ ስድስተኛ ነበሩ።